ዝም ብሎ የሚያልፍ ስሕተት፦ በአር ቋንቋ መረጃን ስለማሰናዳት



የዛሬው ንግግር አር በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ መረጃ ስናሰናዳ ዘወትር ስለሚገጥሙን ችግሮችና ስለመፍትሔዎቻቸው ነው። ምሳሌዎቹን የምወስደው ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች ነው። የትእዛዞቹን ስም በምጠራበት ጊዜ በአነባበባቸው እጠራቸዋለሁ፤ የተለማመዳችሁት ወዲያው ትለዩዋቸዋላችሁ፤ ጀማሪ የሆናችሁም ዛሬ ሐሳቡን ከያዛችሁ ይበቃል።

አስቀድሜ አንድ እንቆቅልሽ ላቅርብ። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የምዕራብ ሸዋ ዞን ሕዝብ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዚሁ ዞን ሕዝብ 2.06 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ሁለቱን ሠንጠረዦች ወደ አር አስገብቶ በዞን ስም ያጋጠመና አንዱን ከሌላው የቀነሰ ተማሪ፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደጠፋ የሚያሳይ ውጤት ያገኛል። አር አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጠውም፤ ቅነሳው ትክክል ነውና።

ነገር ግን የጠፋ ሰው የለም። ወሊሶና አካባቢዋ በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ በምዕራብ ሸዋ ሥር ነበሩ፤ ከሁለተኛው ቆጠራ በፊት ግን ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ተብሎ ራሱን የቻለ ዞን ተቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. ይህ አዲስ ዞን ብቻውን 1.1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው። ሁለቱን ዞኖች ደምረን ከቀድሞው ጋር ስናነጻጽር ሕዝቡ ከ800 ሺህ በላይ ጨምሯል። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ የሚያመለክተው መሬት ተለውጦ ነበር።

የንግግሬ ዋና ነጥብ ከዚህ ምሳሌ ይወጣል። በአር ሥራ ላይ የምንፈራው ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ሥራውን የሚያቆመውን ስሕተት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ቢያንስ ስሕተት መኖሩን ይነግረናል። ሊያስፈራን የሚገባው ያለ አንዳች ድምፅ አልፎ፣ ንጹሕ የሚመስል ቁጥር ሆኖ ሪፖርት ውስጥ የሚገባው ነው። የማዳበሪያ ድልድል፣ የምርጥ ዘር ክፍፍል፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ጥያቄ የሚመሠረተው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ላይ ነውና ጉዳዩ ከምረቃ ጽሑፍ ውጤት ያለፈ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። አርን የፈጠሩት በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን ናቸው። መሠረቱ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ኤስ የተባለ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ወጣ። ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ፣ ውድ ሶፍትዌር ለመግዛት በጀት ለሌለው ጽሕፈት ቤትም ሆነ ለተማሪ እኩል ክፍት ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ እንለፍ።

አንደኛ፤ የጎደለ ዋጋ

አምስት ገበሬዎች በሄክታር ስንት ኩንታል ጤፍ እንዳገኙ ተጠየቁ እንበል። መልሳቸው 20፣ 24፣ ባዶ፣ 16 እና 20 ነው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተመረጡ ናቸው። የአራቱ አማካይ 20 ኩንታል ይሆናል። መረጃ አስገቢው በባዶው ቦታ 0 ጽፎ ከሆነ አማካዩ ወደ 16 ይወርዳል። በወረቀት መጠይቆች እንደተለመደው 99 ጽፎ ከሆነ ደግሞ ወደ 35.8 ይወጣል። ሦስቱም ውጤቶች ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣሉ።

አር ለጎደለ ዋጋ ኤንኤ የተባለ የራሱ ምልክት አለው። ትርጉሙ «አይታወቅም» ማለት ነው። በዓምዱ ውስጥ አንድ ኤንኤ ካለ የአማካይ ትእዛዙ የሚመልሰው ቁጥር ሳይሆን ያንኑ ኤንኤ ነው። ብዙ ተማሪ በዚህ ይበሳጫል፤ ሆኖም አንዱ የማይታወቅ ከሆነ የሁሉም አማካይ በእርግጥ አይታወቅም። ኤንኤ ከኤንኤ ጋር እኩል መሆኑን ብንጠይቀውም መልሱ ኤንኤ ነው፤ ዕድሜያቸውን የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች እኩያ መሆናቸውን ማወቅ አንችልምና። ስለዚህ የጎደለውን ለመፈለግ የእኩልነት ምልክትን ትተን ኢዝ ዶት ኤንኤ የተባለውን ትእዛዝ እንጠቀማለን።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። ፋይሉን ስናነብ ኤንኤ ዶት ስትሪንግስ በተባለው አማራጭ አማካይነት ባዶ ቦታ፣ ሰረዝና 99 የጎደለ ዋጋ መሆናቸውን አስቀድመን እንነግረዋለን። 99 ግን በሌላ ዓምድ እውነተኛ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል፣ ለእርሱ የየዓምዱን ትርጉም አይቶ መወሰን ያሻል። 0ን ፈጽሞ በጅምላ አንለውጥም፤ «ምንም አላገኘም» እና «አልተጠየቀም» የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ቀጥሎ፣ ኤንኤዎቹን ትተህ አስላ የሚለውን ትእዛዝ ከመስጠታችን በፊት ስንት እንደሆኑና ከየት እንደመጡ እንቆጥራለን። ጥናቱ የተካሄደው በክረምት ቢሆንና ጠያቂዎቹ ከአስፓልቱ ርቀው ወደሚገኙ ቀበሌዎች ሳይደርሱ ቢቀሩ፣ የጎደሉት መልሶች በአጋጣሚ የጎደሉ አይደሉም። ትተን ብናሰላ የምናገኘው አማካይ ከአምቦ እስከ ጌዶ ባለው መንገድ ዳር የሚኖረው ገበሬ አማካይ እንጂ የወረዳዎቹ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ጽሑፍ የሆነ ቁጥር

የምርት ዓምድ ውስጥ ከመቶ ሕዋሳት በአንዱ «25 ኩንታል» ተብሎ ከተጻፈ አር ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ያነበዋል። ከ4.0.0 እትም በፊት፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድረስ፣ ሪድ ዶት ሲኤስቪ የተባለው ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ዓምድ ፋክተር ወደተባለ የምድብ ዓይነት ይለውጠው ነበር። አሁንም በቆዩ ስክሪፕቶችና በቆዩ ኮምፒዩተሮች ይህ ያጋጥማል።

አደጋው ፋክተርን በአዝ ዶት ኑሜሪክ ወደ ቁጥር ስንመልስ ነው። ዓምዱ 30፣ 12 እና 24 የያዘ ፋክተር ከሆነ ትእዛዙ የሚመልሰው 3፣ 1 እና 2ን ነው። እነዚህ የምድቦቹ ተራ ቁጥሮች ናቸው። እውነተኛው አማካይ 22 ሲሆን የምናገኘው 2 ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ በአዝ ዶት ካራክተር ወደ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። በአዲሱ እትም ዓምዱ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚቆይ፣ ወደ ቁጥር ሲለወጥ «25 ኩንታል» ኤንኤ ይሆናል፤ አርም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያንን ማስጠንቀቂያ አንብቦ ሕዋሱን መፈለግ የተመራማሪው ድርሻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መጠኑንና መለኪያውን በሁለት ዓምድ ለይቶ መመዝገብ ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ግራም መሆኑ የታወቀ ነው። መሬት ግን በአንዱ ቅጽ በሄክታር፣ በሌላው በጥማድ ይመዘገባል፤ ጥማድ ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተደርጎ ቢወሰድም ከቦታ ቦታ ይለያያል። መለኪያው በራሱ ዓምድ ካልተጻፈ የአራት እጥፍ ስሕተት በዝምታ ይገባል።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ቁጥር መሆን የማይገባው ቁጥር። በ09 የሚጀምር ስልክ ወይም 04 የተባለ የቀበሌ መለያ እንደ ቁጥር ከተነበበ መነሻ ዜሮውን ያጣል። እንዲህ ያሉት ዓምዶች ሲነበቡ ጽሑፍ እንዲሆኑ ማዘዝ ይገባል። የማንደምረውና የማናካፍለው ነገር፣ በአኃዝ ቢጻፍም መለያ ስም ነው።

ሦስተኛ፤ የስም አጻጻፍ

በአካባቢያችን አንድ ከተማ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ቁቤና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የአምቦ ስም በቁቤ ሲጻፍ የመጨረሻው አናባቢ ይደገማል፤ በእንግሊዝኛ አይደገምም። ጊንጪና ጉደርም እንዲሁ በሁለቱ አጻጻፎች ይለያያሉ። በቆዩ ሰነዶች ውስጥ አምቦ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትገኛለች፤ ኤጀሬም አዲስ ዓለም እየተባለች ትጠራለች። ለሰው አንድ የሆኑት እነዚህ ስሞች ለአር የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።

በግእዝ ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይጨመራሉ። «ምዕራብ» እና «ምእራብ»፣ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በንባብ አንድ ናቸው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ግን ለሀ፣ ለሐ እና ለኀ፣ ለሰ እና ለሠ፣ ለአ እና ለዐ፣ ለጸ እና ለፀ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። በዚህም አንድ ታካሚ በጤና ጣቢያ መዝገብ ሁለት ሰው ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በቃሉ መጨረሻ የቀረ ባዶ ቦታም ይህንኑ ያደርጋል፤ በዓይን ስለማይታይ ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ይሠራል። ትሪም ደብሊው ኤስ በተባለው ትእዛዝ የዳርና ዳር ባዶ ቦታዎችን እናስወግዳለን። ዩኒክ በተባለው ትእዛዝ በዓምዱ ውስጥ ያሉትን የተለያዩ አጻጻፎች ሁሉ ዘርዝረን በዓይናችን እናነባለን። ከዚያም በአንድ ወገን የተገኘውን አጻጻፍ፣ በሌላው ወገን የተመረጠውን መደበኛ ስም የያዘ የማቻቻያ ሠንጠረዥ እናዘጋጃለን። የሰውን ስም በተመለከተ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣውን ዓምድ ለማነጻጸሪያ ብቻ እንፈጥራለን፤ ባለቤቱ የጻፈው ስም በመጀመሪያው ዓምድ እንዳለ ይቆያል። የሰው ስም አጻጻፍ የሰውየው ነው፤ ለኮምፒዩተር ይመቻል ብለን ልንለውጥበት አይገባም።

አራተኛ፤ የዘመን አቆጣጠር

ይህ ችግር የውጭ የማስተማሪያ መጻሕፍት የማይነግሩን ነው። አር የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ነው። «2015፣ 01፣ 10» ተብሎ የተመዘገበውን ቀን አዝ ዶት ዴት ያለ ተቃውሞ ይቀበላል፤ የሚረዳው ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 2015 ብሎ ነው። መዝገቡ የሚለው መስከረም 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሆነ ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2022 ነበር። ልዩነቱ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በላይ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ቀናትን በሙሉ ብንወስድ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ዓመቱ 366 ቀናት ነበሩት። ከእነዚህ አር የማይቀበላቸው 8 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የካላንደሩ ሁለተኛ ወር 28 ቀን ብቻ ስላለው ጥቅምት 29 እና 30፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለም ስድስቱ የጳጉሜን ቀናት ናቸው። የቀሩት 358 ቀናት የተሳሳተ ትርጉም ይዘው ያልፋሉ። በአምቦ የተመዘገበ የዝናብ መረጃ በዚህ መንገድ ቢነበብ፣ ዋናው የክረምት ዝናብ የሚጥልባቸው ሐምሌና ነሐሴ 11ኛና 12ኛ ወር ስለሆኑ በኖቬምበርና በዲሴምበር የወረደ መስሎ በሥዕሉ ላይ ይታያል። የአገሩን ወቅት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል፤ ሥዕሉን ከሩቅ የሚያየው ግን ላይነቃ ይችላል።

መፍትሔው ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በሦስት የቁጥር ዓምዶች መመዝገብና በሒሳብ መለወጥ ነው። አር ቀንን የሚያስቀምጠው ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ቀናት ብዛት ነው። ወደዚያ ቁጥር ለመድረስ ከዓመቱ 1 ቀንሰን በ365 እናባዛለን። ዓመቱን ለ4 አካፍለን ትራፊውን ትተን እንጨምራለን። ከወሩ 1 ቀንሰን በ30 አባዝተን እንጨምራለን። ከቀኑ 1 ቀንሰን እንጨምራለን። ከጠቅላላው 716,367 እንቀንሳለን። በመስከረም 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ስንሞክረው 735,110 ሲደመር 503፣ ሲደመር 0፣ ሲደመር 9፣ ሲቀነስ 716,367 ነው። ውጤቱ 19,255 ይሆናል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 20 ቀን 2022 ነው። አንድ ጊዜ በስክሪፕት ከተጻፈ ለሺህ ረድፎች ያገለግላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለአር 9 ሰዓት ነውና የስድስት ሰዓት ልዩነቱ በመዝገቡ መገለጽ አለበት።

አምስተኛ፤ ሠንጠረዦችን ማጋጠም

አምቦ የከተማ አስተዳደርም የወረዳም ስም ነው። በቤተሰብ ጥናታችን «አምቦ» የተባሉ 40 ቤተሰቦች ቢኖሩና በሌላው ሠንጠረዥ ከተማውም ወረዳውም «አምቦ» ብቻ ተብለው ቢመዘገቡ፣ በስም ስናጋጥማቸው 40ው ረድፍ 80 ይሆናል። መርጅ የተባለው መሠረታዊ ትእዛዝ ይህን በዝምታ ያደርገዋል። ጥንድ ያላገኙ ረድፎችንም፣ ካልተነገረው በቀር፣ በዝምታ ይጥላል። ስለዚህ በአንድ ትእዛዝ አንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ሌላው ሊጠፋ ይችላል፤ የጠቅላላው ረድፍ ቁጥርም በአጋጣሚ ተመሳሳይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አዳዲሶቹ የዲፕላየር ጥቅል እትሞች ግን ብዙ ከብዙ ሲጋጠም ያስጠነቅቃሉ።

ስለዚህ ከማጋጠም በፊት ቁልፍ የሆነው ዓምድ የማይደገም መሆኑን እንፈትሻለን፤ ስም ብቻ ካልበቃ የአስተዳደሩን ዓይነት ጨምረን ሁለት ዓምዶችን በአንድነት ቁልፍ እናደርጋለን። አንታይ ጆይን የተባለው ትእዛዝ ጥንድ ያጡትን ረድፎች ይዘረዝርልናል፤ ይህን ዝርዝር ሳናነብ ወደፊት አንሄድም። በመግቢያዬ ያነሣሁት የወሰን ለውጥ ግን በየትኛውም ትእዛዝ አይገኝም። የተለያዩ ዓመታት መረጃ ስናጋጥም ወረዳውና ዞኑ በሁለቱ ዓመታት አንድ መሬት መሆናቸውን ከሰነድ ማረጋገጥ አለብን፤ ካልሆኑም ወደ ጋራ ክልል አጠቃልለን እናነጻጽራለን።

ስድስተኛ፤ የሠንጠረዡ ቅርጽ

ከጽሕፈት ቤቶች የምናገኛቸው የኤክሴል ሠንጠረዦች የተሠሩት ለአንባቢ ዓይን ነው። ዓመታቱ በአግድም ይደረደራሉ፤ የወረዳው ስም አንድ ጊዜ ተጽፎ ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ባዶ ይሆናሉ፤ በየመካከሉም «ድምር» የሚል ረድፍ ይገባል። ይህ ለሪፖርት መልካም ነው። ነገር ግን የ«ድምር» ረድፍ እንደ አንድ ወረዳ ተቆጥሮ ከቀሩት ጋር ሲደመር ውጤቱ እጥፍ ይሆናል።

ሃድሊ ዊክሃም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጽሑፍ ለመረጃ ቅርጽ ቀላል ሥርዓት አስቀምጧል፤ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ በአንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ምልከታ በአንድ ረድፍ ይሁን የሚል ነው። ወደዚህ ለመድረስ የድምር ረድፎችን ለይተን በሌላ ሠንጠረዥ እናቆያለን፤ ፊል በተባለው ትእዛዝ የወረዳውን ስም ወደ ታች እንሞላለን፤ ፒቮት ሎንገር በተባለው ደግሞ በአግድም ያሉትን ዓመታት ወደ አንድ ዓምድ እናወርዳለን። ያቆየነው ድምር በከንቱ አይቀርም፤ ከእኛ ስሌት ጋር ሲነጻጸር መረጃው ሳይጎድል መግባቱን ይመሰክራል።

መጠበቂያው

እነዚህን ስድስት ችግሮች በሦስት የሥራ ልማዶች መከላከል ይቻላል። የመጀመሪያው ዋናውን ፋይል እንደመጣ አስቀምጦ ፈጽሞ አለመንካት ነው። እርማት ሁሉ በስክሪፕት ይጻፋል፤ በኤክሴል ውስጥ በእጅ የተለወጠ ሕዋስ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው አይናገርም። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊትና በኋላ ረድፎችንና የጎደሉ ዋጋዎችን መቁጠር፣ ጠቅላላ ድምሩንም ማስተያየት ነው። ስቶፕ ኢፍ ኖት በተባለው ትእዛዝ የምንጠብቀውን ቁጥር አስቀድመን ከጻፍን፣ ቁጥሩ ሲለወጥ አር ሥራውን ያቆማል፤ ዝምተኛውን ስሕተት ተናጋሪ የምናደርገው በዚህ ነው። ሦስተኛው ውጤቱን አገሩን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ነው። በዲሴምበር የጣለውን የክረምት ዝናብ የጉደር ገበሬ በአንድ እይታ ያርመዋል። በጀልዱ የድንች ምርት ላይ የተፈጠረን የመለኪያ ስሕተትም የወረዳው የግብርና ባለሙያ ከእኛ ቀድሞ ያየዋል።

በሆለታ፣ በአምቦና በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ በጤና ጣቢያዎችና በትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየጊዜው መረጃ ይመዘገባል። መዝጋቢዎቹ በዝናብና በጭቃ ተጉዘው ያመጡትን ቁጥር እኛ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ልናበላሸው እንችላለን። ተማሪዎቻችን ለምረቃ ጽሑፋቸው የሚሠሩበትን ስክሪፕት ከጽሑፉ ጋር አያይዘው ቢያስረክቡ፣ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ ተከትሎ ሊፈትሽ ይችላል። ለዚህ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፤ ከዚህ ዓመት ተመራቂዎች ሊጀመር የሚችል ነው።

 በሥራችሁ የገጠማችሁ ሠንጠረዥ ካለ በጥያቄው ሰዓት አቅርቡልን፤ አብረን እናየዋለን።